“አንድ ቁልፍ ለሁሉም” ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ የአይቲ ባለሙያ ለትምህርት ቤቶችና ለትንንሽ ቢሮዎች የጻፉትን ምክር ብዙ ሰው ሲቀባበለው አየሁ። ርዕሱ “አንድ ቁልፍ ለሁሉም” ይላል። ይዘቱ ሲጨመቅ እንዲህ ነው። መደበኛው የቮልዩም ላይሰንስ ውል (ሶፍትዌርን በጅምላ ለተቋም የሚፈቅደው) ለባንክና ለዩኒቨርሲቲ ስለሆነ እናንተ አንድ ቮልዩም ቁልፍ ከገበያ ገዝታችሁ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ ጫኑ። ዊንዶውስ 10 ስላለቀለት ያረጁትን ማሽኖች አስወግዱ። ለኦፊስ ወርሃዊ ክፍያ ግቡ፣ ዘመኑ የክላውድ ነው። ትምህርት ቤት ከሆናችሁ ነፃ ስላለ አታስቡ። ነፃውን የኦፊስ አማራጭ ሊብሬኦፊስን እርሱት፣ አማርኛ ያበላሻል። ገንዘብ ካጠረ ክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልበት ተሰብሮ የተከፈተ ኮፒም ቢሆን ማን ይጠይቃችኋል። የቀረውን ለአይቲው ልጅ ተዉለት።

ጸሐፊው ሰው ለመርዳት ብለው እንደጻፉ ይገባኛል። ቋንቋቸውም ቀላል ነው፤ የተወደደላቸውም ለዚህ ይመስለኛል። ችግሩ ይህን ምክር ይዞ ገንዘብ የሚያወጣ ርዕሰ መምህር ወይም ሥራ አስኪያጅ ከፍሎም ሕገወጥ ሆኖ ሊቀር መቻሉ ነው። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ። ምሳሌዎቼ አብዛኞቹ የማይክሮሶፍት ናቸው፤ በየኮምፒውተር ላቡና በየቢሮው የምናገኘው እሱን ነውና።

ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር ያላነሳው አንድ ጥያቄ አለ። ላይሰንሱ የሚቆጥረው ማሽን ነው ወይስ ሰው? ከዚህ በታች የምለው ሁሉ እዚህ ጥያቄ ላይ ይመጣል።

“አንድ ቮልዩም ቁልፍ ካለ ሁሉም ኮምፒውተር ሕጋዊ ነው”

የጽሑፉ ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ቁልፍ ማለት ሶፍትዌሩ እንዲከፈት የሚገባ ቁጥር ነው። ላይሰንስ ማለት ውሉ ነው። ስንት ማሽን ላይ፣ በስንት ሰው፣ በየትኛው ተቋም እንደሚሠራ የሚወስነው ውሉ ነው። የቮልዩም ቁልፍ ከአንድ ማሽን በላይ እንዲከፍት ታስቦ የተሠራ ነው። አሥር ላይሰንስ የገዛ ቢሮ ቁልፉን ሃያ ማሽን ላይ ቢያስገባው ዝም ብሎ ሊቀበለው ይችላል። መቀበሉ ግን ትርፎቹን አሥር ማሽኖች ሕጋዊ አያደርጋቸውም።

ሁለተኛው ጉዳይ የበለጠ ያስከፍላል። በቮልዩም የሚሸጠው የዊንዶውስ ላይሰንስ ማሻሻያ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ አስቀድሞ የራሱ የዊንዶውስ ላይሰንስ ሊኖረው ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካው አብሮት የሚመጣው ማለት ነው። እሱን መነሻ እንበለው። እዚሁ ተገጣጥሞ በባዶው የተሸጠ ዴስክቶፕ መነሻ የለውም። ክራክ የተጫነበትም መነሻ የለውም። በእነዚህ ላይ ቮልዩም ዊንዶውስ የገዛ ሰው ጣሪያውን ገዝቶ ግድግዳውን የረሳ ነው። ለንግድ ቢሮ መነሻው ፕሮ የሚባለው የዊንዶውስ ዓይነት መሆን አለበት፣ ለቤት የሚሸጠው ሆም አይቆጠርለትም። ትምህርት ቤት እዚህ ላይ ይሻለዋል፤ ሆም ያለበት ላፕቶፕ ለትምህርት ተቋም እንደ መነሻ ይታሰብለታል። መነሻ ለሌላቸው ማሽኖች “ጌት ጄንዊን ዊንዶውስ” የሚባል ራሱን የቻለ ውል አለ፤ ሻጩን በስሙ ጠይቁት።

ስለዚህ ማሽን ስትገዙ ፕሮፎርማውን ልብ ብላችሁ አንብቡ። “ዊንዶውስ የተጫነበት” ማለት “የዊንዶውስ ላይሰንስ ያለው” ማለት አይደለም። ሻጩ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚሰጣችሁ በጽሑፍ ያስቀምጥ። ጨረታ የምታወጡ ከሆነም ይህች መስመር ዝርዝር መግለጫው ውስጥ ትግባ። በኋላ ለየብቻ ከመግዛት ያን ጊዜ አብሮ መግዛት ይረክሳል።

ቁልፎቹ ራሳቸው ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ጽሑፉ አንድ አድርጎ አልፏቸዋል። ኤምኤኬ የሚባለው እያንዳንዱን ማሽን አንድ ጊዜ በኢንተርኔት ወይም በስልክ አክቲቬት ያደርጋል፣ ማለትም ቁልፉን ከአምራቹ ጋር ያረጋግጣል፤ ከዚያ በኋላ አይጠይቅም። ኬኤምኤስ የሚባለው ግን በተቋሙ ኔትወርክ ውስጥ ባለ አንድ ሰርቨር በኩል ይሠራል። ማሽኖቹ በየ7 ቀኑ ሰርቨሩን ይፈልጉታል። 180 ቀን ሙሉ ካጡት አክቲቬሽናቸው ይወድቃል። ኬኤምኤስ ለዊንዶውስ መሥራት የሚጀምረው ደግሞ ቢያንስ 25 ኮምፒውተር ሲጠይቀው ነው፤ ለኦፊስ 5 ይበቃዋል። 20 ማሽን ያለው ላብ ኬኤምኤስ ቢተክል ኦፊሱ ይከፈትለታል፣ ዊንዶውሱ እምቢ ይላል። ለትንሽ ተቋም መልሱ ብዙ ጊዜ ኤምኤኬ ነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለው፦ ማሽኑ ፎርማት ተደርጎ እንደ አዲስ በተጫነ ቁጥር የተፈቀደው የአክቲቬሽን ብዛት ሊቀንስ ስለሚችል ቆጣሪውን መከታተል ያስፈልጋል።

ቮልዩም ለላብ የሚሰጠው ትልቅ ጥቅም ጽሑፉ ውስጥ የለም። የቮልዩም ደንበኛ የሆነ ተቋም አንድ ማሽን አሰናድቶ ያንኑ ኮፒ በሌሎቹ ሁሉ ላይ መገልበጥ ይፈቀድለታል። መስፈርቱ ማሽኖቹ ያንኑ የዊንዶውስ ዓይነትና ቨርዥን የሚመለከት የፋብሪካ ላይሰንስ እንዲኖራቸው ነው። 30 ማሽን አንድ በአንድ ተቀምጦ ፎርማት ያደረገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በተለይ አሁን፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኦንላይን መሰጠት ከጀመረ በኋላ፣ ላቡ በቀጠሮው ቀን መነሳት አለበት።

“ትንሽ ተቋም ቁልፉን ከገበያ ይግዛ፤ ውሉ ለትልልቆች ነው”

ይህ ድሮም ልክ አልነበረም። “ኦፕን ላይሰንስ” የሚባለው የቀድሞው የማይክሮሶፍት ፕሮግራም ከ5 ላይሰንስ ጀምሮ ይሸጥ ነበር። ያ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ለአዲስ ግዢ ተዘግቷል። ጸሐፊው “ትንሽ ተቋም በር ተዘግቶበታል” ያሉት ይህን ሰምተው ሳይሆን አይቀርም። ግን ሽያጩ ወደ ክላውድ ሻጮች መስመር ዞረ እንጂ አልቆመም። በዚያ መስመር አንድ ጊዜ ተከፍሎ ለዘለቄታው የሚያዝ ኦፊስ ወይም የዊንዶውስ ማሻሻያ አንድ ፍሬም ቢሆን ይገዛል። “ኦፕን ቫልዩ” የሚባለው ደግሞ ከ5 ጀምሮ ነው። የሦስት ዓመት ውል ነው፣ ክፍያውም በየዓመቱ ሊከፋፈል ይችላል።

በጥቂት ዶላር የሚሸጡት ቁልፎች ከየት ይመጣሉ? ብዙዎቹ የሌላ ድርጅት ወይም የሌላ ትምህርት ቤት ቮልዩም ቁልፎች ናቸው። ዛሬ ይሠራሉ። አምራቹ ቁልፉን ያገደው ቀን፣ ወይም እናንተ ማሽኑን ፎርማት ያደረጋችሁ ቀን ያልቅላቸዋል። በሕጋዊ መንገድ የተገዛ ላይሰንስ በተቋሙ አካውንት ውስጥ ገብታችሁ ስታዩት ይታያል። በቴሌግራም የተላከ 25 ፊደልና ቁጥር ብቻ ከሆነ የገዛችሁት ነገር ምን እንደሆነ ራሱ ሻጩም አያውቅም።

“ዊንዶውስ 10 ስላለቀለት ያረጀውን አስወግዱ”

ለቢሮ ግማሽ እውነት አለው። ለትምህርት ቤት ግን ውድ ምክር ነው።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍል ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያለውን አይቀበልም። በርዳታ የመጡና ያገለገሉ ተብለው የተገዙ የላብ ማሽኖች እዚህ መስፈርት ላይ በገፍ ይወድቃሉ።

ነገር ግን ማይክሮሶፍት እስከ ሦስት ዓመት የሚደርስ የተራዘመ የደህንነት ማሻሻያ ይሸጣል። ዋጋውን ተመልከቱ። ለንግድ ድርጅት በማሽን የመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር ነው፤ በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ 122፣ ከዚያም 244 ይደርሳል። ለትምህርት ተቋም በቮልዩም በኩል የመጀመሪያው ዓመት 1 ዶላር፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 4 ነው። የ30 ማሽን ላብ ለሦስቱም ዓመት 210 ዶላር ያወጣል። ያው 30 ማሽን በቢሮ ዋጋ 12,810 ዶላር ነው። ቢሮው በዚህ ገንዘብ ማሽን ቢቀይር ይሻለዋል፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ትምህርት ቤቱ ግን በ210 ዶላር ሦስት ዓመት ትንፋሽ ያገኛል። ማሽኖቹ ዊንዶውስ 10 የመጨረሻው ቨርዥን፣ 22ኤች2 ላይ መሆን አለባቸው። ዘግይቶ በሁለተኛው ዓመት የሚገባ ተቋም የመጀመሪያውንም ዓመት ይከፍላል፣ ስለዚህ መጠበቁ አያተርፍም። መነሻው ክራክ ለሆነ ማሽን ደግሞ ይህ በር የለም።

“ወርሃዊ ክፍያ ይሻላል፤ ዘመኑ የክላውድ ነው”

ዘመኑ የክላውድ ሊሆን ይችላል። ደመወዛችን ግን በብር ነው።

ስምንት ሠራተኛ ያለው የሂሳብ ወይም የጉዳይ አስፈጻሚ ቢሮ እንውሰድ። ማይክሮሶፍት 365 ቢዝነስ ስታንዳርድ የሚባለውን የኦፊስ ወርሃዊ ክፍያ ዕቅድ ለብዙ ዓመት በነበረበት ዋጋ እናስላው። በዓመት ውል በሰው በወር 12 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ለስምንት ሰው በዓመት 1,200 ዶላር ይሆናል። ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረ ጊዜ ይህ ወደ 68,400 ብር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በ100 ሒሳብ እንኳ ያው ክፍያ 120,000 ብር ነው። ቢሮው አንድ ሰው አልቀጠረም፣ አንድ ማሽን አልጨመረም። በብር በጀት ለሚሠራ ሰው ሰብስክሪፕሽን (እንዲህ በየጊዜው እየተከፈለ የሚቀጥል አገልግሎት) ማለት የምንዛሬውን ፍርሃት በየዓመቱ መሸከም ነው። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ደግሞ የዓመት ውል ገብቶ በየወሩ የሚከፍል 5 በመቶ ይጨመርበታል። ከፍሎ ያልቀጠለ ሰው ዎርድ ይከፈትለታል፣ ግን ማንበብ ብቻ ነው፤ መጻፍ አይቻልም።

አንድ ጊዜ የሚገዛው ኦፊስ ሆም ኤንድ ቢዝነስ 2024 በአሜሪካ ዋጋ 250 ዶላር ገደማ ነው። ከላይ ባሰላነው ዋጋ የ20 ወር ሰብስክሪፕሽን ማለት ነው። ድጋፉ እስከ ኦክቶበር 2029 ይዘልቃል። አንድ ሰው በአንድ ዴስክቶፕ ላይ ደብዳቤና ኤክሴል የሚሠራ ከሆነ ሒሳቡ ግልጽ ነው።

ሰብስክሪፕሽን የሚያሸንፍበት ቦታም አለ፣ አልክድም። አንዱ ተጠቃሚ እስከ 5 ኮምፒውተር፣ 5 ታብሌትና 5 ስልክ ላይ ይጭነዋል። በድርጅቱ ስም ኢሜይል ይመጣል፣ አንድ ቴራባይት ማስቀመጫ ይመጣል። ሠራተኛው ከላፕቶፕ ወደ ስልክ እየተንከራተተ የሚሠራ ከሆነ ይህ ዋጋ አለው። ግን ስምንቱም ሰው አንድ ዓይነት መግዛት አለበት ያለው ማነው? እንግዳ ተቀባይዋ ኢሜይልና በብሮውዘር የሚከፈት ዎርድ ይበቃት ይሆናል፤ ቤዚክ የሚባለው ዕቅድ በግማሽ ዋጋ አካባቢ ነው። መስፈርቱን ያሟላ የበጎ አድራጎት ድርጅት ደግሞ ቤዚክን እስከ 300 ተጠቃሚ በነፃ ያገኛል። አገር በቀል ድርጅቶች ይህን ሳይጠይቁ ሲከፍሉ ማየት ያሳዝናል።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ እንሂድ። “ማሽን ነው ወይስ ሰው?” የሚለው ጥያቄ ከሁሉም በላይ የሚያዋጣው እዚህ ነው። በጠዋትና በከሰዓት ፈረቃ 600 ተማሪ በ30 ማሽን ይማራል እንበል። በሰው የሚቆጥር ላይሰንስ ከገዛችሁ 600 ትቆጥራላችሁ። በማሽን የሚቆጥር ከገዛችሁ 30። ኦፊስ ኤልቲኤስሲ የሚባለው የቮልዩም ኦፊስ የሚቆጥረው ማሽን ነው። በማሽኑ ላይ ማን ቢቀመጥ ግድ የለውም። የተማሪ አካውንት አይፈልግም፣ ኢንተርኔትም አይጠይቅም። ሰብስክሪፕሽኑ ኦፊስ ግን ቢያንስ በ30 ቀን አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ማግኘት አለበት፤ በብዙ ሰው በሚጋራ ማሽን ላይ በተጋራ አሠራር ሲጫን ደግሞ ተጠቃሚው በየጊዜው እየገባ ማረጋገጥ ይኖርበታል። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ከተማ የፈተናው ጠዋት ዎርድ “ግባ” እያለ ቆሞ ይታያችሁ።

ያው ሒሳብ ለሰርቨርም ይሠራል። ዊንዶውስ ሰርቨር የገዛ ትምህርት ቤት ሰርቨሩን ለሚጠቀሙት ደግሞ ለየብቻ የመግቢያ ላይሰንስ ያስፈልገዋል፤ ካል ይሉታል። በሰው የሚቆጠር አለ፣ በማሽን የሚቆጠር አለ። ፈረቃ ያለበት ተቋም በማሽን የሚቆጠረውን ይውሰድ። እያንዳንዱ ሠራተኛ ዴስክቶፕ፣ ላፕቶፕና ስልክ ያለው ቢሮ ደግሞ በሰው የሚቆጠረውን። ሒሳቡን ይበልጥ የሚለየው ብዛታቸው ነው።

ሦስተኛ ዓይነት ቆጠራም አለ። ለትምህርት ተቋማት በተለየ በተዘጋጁት የማይክሮሶፍት ውሎች የሚቆጠረው መምህሩና ሠራተኛው ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጥሮ የተቋሙ ማሽኖች ሁሉ ይሸፈናሉ። 25 መምህርና 90 ማሽን ላለው ትምህርት ቤት ይህ ከሁለቱም ሊረክስ ይችላል። ሻጩ በሦስቱም መንገድ አስልቶ እንዲያመጣ ጠይቁት። አንዱን ብቻ ካመጣ ሌላ ሻጭ ጠይቁ።

“ትምህርት ቤት ነፃ ስላለው አያስብ”

ነፃው እውነት ነው። ማይክሮሶፍት ኤ1 የሚባለውን፣ ጉግልም ፈንዳሜንታልስ የሚባለውን ብቁ ለሆነ ትምህርት ቤት ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። ማስቀመጫው ለተቋሙ በጋራ 100 ቴራባይት ነው፤ ለአንድ መካከለኛ ትምህርት ቤት ይተርፈዋል። ለመምህራን ኢሜይልና ለቤት ሥራ መላኪያ ከዚህ የተሻለ የለም፣ ዛሬውኑ አመልክቱ።

ይሁንና ኤ1 በብሮውዘር የሚሠራ ነው። ማሽኑ ላይ የሚጫን ዎርድ በውስጡ የለም። ድሮ ኤ1 ፕላስ የሚባል የሚጫነውን የጨመረ ዓይነት ነበረ፤ እሱ በኦገስት 2024 ቀርቷል። ጸሐፊው “ነፃ ኦፊስ ይጫናል” ያሉት ያንን አስታውሰው ይመስለኛል። ዊንዶውስም በዚህ ውስጥ የለም። ኢንተርኔት የሌለው ላብ በነፃው አካውንት የሚያገኘው ነገር የለም።

“ብቁ” የምትለዋ ቃልም ትታይ። ዕውቅና ያለው መደበኛ ትምህርት ቤት ያልፋል። በየሕንፃው ላይ ፒችትሪ የተባለውን የሂሳብ ሶፍትዌርና ቤዚክ ኮምፒውተር የሚያስተምር የሥልጠና ማዕከል ግን ስለሚያስተምር ብቻ በትምህርት ዋጋ አይገዛም፤ ዕውቅናውን ማሳየት አለበት። የትምህርት ላይሰንስ ከግቢ ወጥቶ ለንግድ አይሠራም። አውቶዴስክ የተባለው ኩባንያ የፕላን መሥሪያውን አውቶካድን ለተማሪና ለመምህር በነፃ ይሰጣል። ያው መምህር ማታ ማታ በሚሠራበት የሥነ ሕንፃ ቢሮ ግን ያንን ኮፒ ከፍቶ የደንበኛ ፕላን መሥራት አይችልም።

“ሊብሬኦፊስ አማርኛ ያበላሻል”

አያበላሽም። ሊብሬኦፊስ ዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ደረጃ) ነው የሚጠቀመው፣ ዎርድም እንደዚያው። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ኤብሪማ የተባለው ፎንትም ሆነ በነፃ የሚወርደው አቢሲኒካ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ግዕዝ ያወጣሉ። ሲበላሽ ያያችሁት ፋይል ምናልባት ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የቪዥዋል ግዕዝ ወይም የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ነው። እነዚያ የግዕዝ ፊደልን በላቲን ቦታ ላይ ያስቀምጡ ስለነበር ፎንቱ የሌለው ማሽን ላይ ዎርድም ቢሆን የማይነበብ ጉድ ያወጣል። ጥፋቱ የሊብሬኦፊስ አይደለም። የድሮው ማህደር ወደ ዩኒኮድ ይቀየር፣ ያ ሥራ ኦፊስ ብትገዙም አይቀርላችሁም።

እውነተኛ ድክመቱ ሌላ ቦታ ነው። በማክሮ (በራሱ በሚሠራ ትእዛዝ) የተሞላ የኤክሴል ፋይል በትክክል ላይሠራ ይችላል። ሠንጠረዥና ሥዕል የበዛበት የዎርድ ፈተና ወዲያና ወዲህ ሲላክ ይንሸራተታል። ስለዚህ የሂሳብ ክፍሉ ኤክሴል ይገዛለት። ደብዳቤ ብቻ የሚጽፉት አምስት ማሽኖች ሊብሬኦፊስ ቢይዙ ማን ይጎዳል? እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ያለ ሶፍትዌር ነው። ስንት ማሽን ላይ እንደተጫነ ቆጥሮ የሚጠይቃችሁ የለም። ለላብም ቢሆን ተማሪው መማር ያለበት አርታኢ ፕሮግራም ምን እንደሚሠራ ነው እንጂ የአዝራሩን ቀለም አይደለም።

“ክራክ ምን አለው፣ ማን ይጠይቃል”

እዚህ ላይ ጸሐፊው ቀልደው ከሆነ አንባቢው እንደ ቀልድ አልወሰደውም።

ሕጉን እናንሳ፣ በአጭሩ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁት ሥራዎች መካከል ያስቀምጠዋል። ስለዚህ “ሕግ የለም” የሚለው ወሬ ነው። በተግባር ፖሊስ የአንድ ቢሮ ዎርድ ፍለጋ አይመጣ ይሆናል። የውጭ ደንበኛ ወይም ለጋሽ ያለው ድርጅት ግን ሕጋዊ ሶፍትዌር እጠቀማለሁ የሚል አንቀጽ ከፈረመ ጠያቂ አገኘ ማለት ነው።

ከሕጉ በላይ የሚያሳስበኝ ማሽኑ ውስጥ የሚገባው ነገር ነው። ኬኤምኤስፒኮ የሚባለውን የታወቀ ክራክ መስሎ የሚወርድ ፋይል የይለፍ ቃልና የክሪፕቶ ገንዘብ የሚሰርቀውን ክሪፕትቦት የተባለ ጎጂ ፕሮግራም ይዞ እንደሚገባ የደህንነት ተመራማሪዎች በ2021 እ.ኤ.አ. አጋልጠዋል። ክራክ የሚጭን ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው አንቲቫይረሱን ማጥፋት መሆኑንም አትርሱ። ያ ማሽን የደመወዝ ሰነድ፣ የባንክ መግቢያና የተማሪዎች ውጤት ያለበት ነው።

አሁኑኑ የምታረጋግጡበት መንገድ አለ። የዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ አክቲቬሽን የሚለውን ክፈቱ። ዊንዶውሱ በድርጅታችሁ የአክቲቬሽን አገልግሎት በኩል አክቲቬት እንደሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ ካለ፣ እናንተም እንዲህ ያለ ሰርቨር ተክላችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ ማሽኑ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ ክራክ ነው። “ኦሪጅናል ጭኜላችኋለሁ” ያለውን ሰው ስልክ ደውሉለት።

ሳልጠቅሰው የማላልፈው ፒችትሪ ነው። ስንት ቢሮ ሂሳቡን እስከ ዛሬ በፒችትሪ 2010 ክራክ ይይዛል! ስሙ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ በሴጅ 50 ተተክቷል። ለዚያ አሮጌ ቨርዥን ገንዘብ ይዛችሁ ብትመጡ እንኳ ላይሰንስ የሚሸጥላችሁ የለም። የዓመታት ሂሳብ አምራቹ በተወው ሶፍትዌር ውስጥ፣ በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ተቀምጧል። ለኦፊስ በጀት ስትይዙ ከዎርድ በፊት ይህ ይታሰብ ባይ ነኝ።

“የቀረውን ለአይቲው ልጅ ተዉለት”

ልጁ ይጫነው፣ ያስተካክለው። አካውንቱ ግን በስሙ አይሁን። ላይሰንሱ በልጁ የግል ጂሜይል ከተመዘገበ፣ የማረጋገጫው ኮድም በልጁ ስልክ የሚመጣ ከሆነ፣ ሥራ በለቀቀ ማግስት ተቋሙ የገዛውን ነገር ከፍቶ ማየት አይችልም። ከፈለጋችሁ ጥሩ ደመወዝ ክፈሉት፤ ዋናው አስተዳዳሪ አካውንት ግን በተቋሙ ኢሜይል ይከፈት፣ ሁለተኛ አስተዳዳሪም ይኑረው። ደረሰኙና የውሉ ቁጥር ከሌሎች ንብረት ሰነዶች ጋር ፋይል ይደረግ። ከዚያ አንድ ሠንጠረዥ ይበቃል፦ የማሽኑ ሴሪያል ቁጥር፣ ላይሰንሱን ከየትኛው ደረሰኝ እንዳገኘ፣ ማን ወይም ስንት ሰው እንደሚጠቀምበት። ይህን ሠንጠረዥ ሳትሞሉ ፕሮፎርማ አትሰብስቡ።